ስለ ፀሐይ ውሃ ማሞቂያና ስለ ቧንቧው አዘረጋግ

በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ያለው የመርካቶ ገበያ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተቋቋመው በኢጣልያ ወረራ ዘመን የአገሬው ነጋዴ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቤት ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በየተራው ተለይቶ የሚሸጥበት ሆኗል። በዘመናችን ወደ ገበያ ከገቡት ዕቃዎች አንዱ ውሃን በፀሐይ የሚያሞቀው መሣሪያ ነው። ገዢው የጋኑን ውፍረትና የመስተዋቱን ጥራት እየመረመረ በዋጋው ብዙ ይከራከራል፤ ስለ ቧንቧው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ፍሬ እንዲያፈራ ወይም በከንቱ እንዲቀር የሚያደርገው ይኸው ቧንቧ ነው።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የስዊስ ተወላጅ የሆነው አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ባስገባ ጊዜ ውሃውን የገፋው የተራራው ከፍታ ነበረ። በፀሐይ ማሞቂያ ውስጥ ግን ውሃውን የሚያዞረው ሙቀት ብቻ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይቀላልና ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘውም ከባድ ስለ ሆነ ወርዶ ስፍራውን ይይዛል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ዊልያም ቤይሊ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ጋኑን ከማሞቂያው ለይቶ ከበላይ በማስቀመጥና ሙቀት በሚይዝ ነገር በመሸፈን፣ በቀን የሞቀው ውሃ እስከ ማግሥቱ ጧት እንዲቆይ አደረገ። ዛሬ በየጣራው የሚታየው መሣሪያ ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ ብልሃት ላይ ነው።

ይህ በሙቀት የሚገኝ ግፊት እጅግ ደካማ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ስለዚህ ዝርግ ማሞቂያ ሲተከል ቀዝቃዛው ውሃ ከጋኑ ሥር ወጥቶ ወደ ማሞቂያው ታችኛ ጫፍ ይገባል፤ የሞቀውም ከማሞቂያው ላይኛ ጫፍ ወጥቶ ወደ ጋኑ ላይኛ ክፍል ይመለሳል። የሚመለሰው ቧንቧ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳያቋርጥ ሽቅብ መውጣት አለበት። ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ለማሳመር ብሎ አንድ ስፍራ ላይ ጉብታ ቢያደርግበት በዚያ አየር ይታቆራል፤ አየር በታቆረበትም ውሃ አያልፍም። ኤልቦ ማብዛትና ቀጭን ቧንቧ መጠቀምም እንዲሁ መንገዱን ይዘጋል፤ ለመዞሪያው የሦስት ሩብ ወይም የአንድ ኢንች ቧንቧ የተሻለ ነው። የጋኑ ሥር ከማሞቂያው ጫፍ በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ፣ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ውሃው ወደ ኋላ ዞሮ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት መልሶ ለብርድ ይሰጠዋል።

የቧንቧውም ዐይነት በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባዋል። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራው ፒቪሲ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ርካሽ ነው ብሎ ለሙቅ ውሃ መግዛት ሁለተኛ ወጪ መጥራት ነው። ፒፒአር የሚገዛ ሰው ለሙቅ ውሃ የተመደበውን ወፍራሙን ለይቶ ይጠይቅ። መዳብና ዚንክ የተለበጠ ብረት በቀጥታ ቢገጣጠሙ ዚንኩ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚለይ መገጣጠሚያ ይግባ። ሙቅ ውሃ የሚሄድበትም ቧንቧ ይሸፈን፤ መሸፈኛውም ራሱ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ከላይ ይልበስ።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የውሃው መቋረጥ ነው። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚደርስበት ሰፈር ብዙ ነው። የመስተዋት ቱቦ ያለው ማሞቂያ በቀትር ባዶውን ቢቀር ቱቦው ከሚፈላ ውሃ ሙቀት እጅግ አልፎ ይግላል፤ በዚያች ሰዓት መስመሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባበት ይሰነጠቃል። ባዶ የሆነውም ማሞቂያ በጧት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንጂ በቀትር አይሞላ። ለዚህ መድኃኒቱ ሕዝቡ ሮቶ ብሎ የሚጠራውን ማጠራቀሚያ ከማሞቂያው ጋን ከፍ አድርጎ መትከል ነው። የቀዝቃዛውም ቧንቧ ከዚሁ ከሮቶው ቢወጣ፣ ሙቁና ቀዝቃዛው በእኩል ግፊት ወደ መታጠቢያው ይወርዳሉ፤ ቀዝቃዛው ከመንገዱ መስመር በቀጥታ ከመጣ ግን ሙቁን ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በመግቢያው ላይ ቼክ ቫልቭ ካልተደረገ ደግሞ ግፊቱ ሲወድቅ የሞቀው ውሃ ተመልሶ ይፈስሳል።

የጋኑን መተንፈሻ በምንም ምክንያት መድፈን አይገባም። ውሃ ያንጠባጥባል ብለው በጨርቅ ወይም በቡሽ የሚደፍኑ አሉ፤ ይህ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ጋኑን የሚያፈርስ ድፍረት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና እንፋሎቱ ቆላ ካለው ፈጥኖ ይመጣል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች ማሞቂያው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይበቃዋል። በበጋ ፀሐዩ የተትረፈረፈ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ስለሚያሸንፍ የኤሌክትሪክ አጋዥ ያስፈልጋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ በሚወርድበት አገር ቧንቧው በደንብ ይልበስ። የወረዳ ሹማምንት ለጤና ጣቢያ ወይም የወተት ዕቃ ለሚያጥቡ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲያስገዙ፣ የቧንቧውንና የገጣሚውን ዋጋ ከማሞቂያው ዋጋ ጋር አብረው በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ ሥራውንም ከመረከባቸው በፊት ጋኑ በምሽት ተሞልቶ በማግሥቱ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከሰዓት በኋላ ይፈተን።