አጥንት የሚናገረውና የማይናገረው

አንባቢ ሆይ፤ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብለው ወደ ከፋ ጫካ ቢገቡ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘለውን ጉሬዛ ሊያዩ ይችላሉ። ከትከሻው ጀምሮ በጎኑ የሚወርደው ረጅም ነጭ ጠጉር፣ በጥቁር ገላው ላይ እንደ ካባ ሲወዛወዝ ማየት ደስ ያሰኛል። እስቲ እንግዲህ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጣ ሊቅ የዚህን እንስሳ አጥንት ብቻ አገኘ እንበል። አውራ ጣቱ ከጉጥ የማትበልጥ መሆንዋን ከእጁ አጥንት ያነባል፤ ቅጠል በል መሆኑንም ከጥርሱ ይረዳል። ነጩን ካባ ግን ከየት ያመጣዋል? ቅጠሉን የሚያብላላበት ባለ ብዙ ክፍል ጨጓራስ በየትኛው አጥንት ላይ ተጽፏል?

ያውም አጥንቱ ከተገኘ ነው። እንደ ከፋ ያለ ዝናብ የሚበዛበት የጫካ አፈር አሲድነት ስላለው፣ አጥንትን ቶሎ ይበላዋል።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው፣ በመጽሐፍና በሲኒማ ከምናያቸው ባለ ረጅም አንገት ዳይኖሰሮች መልክ ምን ያህሉ ዕውቀት፣ ምን ያህሉ ግምት እንደ ሆነ ለመመርመር ነው።

ለዚህ ከአህጉራችን መውጣት አያስፈልግም። በዛሬዪቱ ታንዛኒያ፣ ተንዳጉሩ በተባለ ኮረብታ፣ የጀርመን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 አስቆፍረው ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ቦሄቲ ቢን አምራኒ የተባለ አፍሪካዊ ሲሆን፣ በመቶ የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ወደ ድንጋይነት የተለወጠውን አጥንት ተሸክመው ሊንዲ ወደብ አደረሱት። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ይህ እንስሳ ዛሬ ጊራፋቲታን ይባላል። በ1937 በበርሊን ቤተ መዘክር ቆመ፤ ዛሬ ቁመቱ ከ13 ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን የቆመው የአንድ እንስሳ አጥንት ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ተሟልቷል፣ የጎደለውም በእጅ ተሠርቷል።

ክብደቱስ? በ1962 ኤድዊን ኮልበርት የተባሉ ሊቅ 78 ቶን ነው አሉ። በ2009 ደግሞ ማይክል ቴይለር 23 ቶን ብለው አሰሉት። እንስሳው አልከሳም! የተለወጠው ሊቃውንቱ በአጥንቱ ላይ ያለበሱት ሥጋ፣ በገላውም ውስጥ ይኖራል ብለው የገመቱት አየር ነው።

የአንገቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቀጭኔ እንደ እኛው 7 የአንገት አጥንት ሲኖራት፣ ጊራፋቲታን 13 ነበረው። በአጥንትና በአጥንት መካከል የነበረው፣ እንደ ጆሮአችን ያለው ልም አጥንት በስብሶ ጠፍቷል። ውፍረቱ በጥቂት ቢለያይ፣ ያች ጥቂት በየመገጣጠሚያው ተደምራ የአንገቱን ርዝመትም አቀናኑንም ትለውጣለች። ስለዚህ በ1999 ኬንት ስቲቨንስና ማይክል ፓሪሽ፣ የሌሎች ሁለት ባለ ረጅም አንገት ዳይኖሰሮችን አጥንት በኮምፒውተር መርምረው፣ አንገታቸው ወደ ፊት የተዘረጋ ነበር አሉ። ቴይለርና ባልደረቦቻቸው በ2009 በሕይወት ያሉትን እንስሳት አይተው፣ የለም፣ ወደ ላይ የተቃና ነበር ሲሉ ተከራከሩ።

ታዲያ ሁሉ ነገር ግምት ነውን? አይደለም። በአንዳንዶቹ ራስ ቅል ላይ የአፍንጫው ቀዳዳ ከዐይን በላይ ስለሚገኝ፣ እንስሳው በውሃ ውስጥ ተዘፍቆ በአናቱ ይተነፍስ ነበር የሚሉ ነበሩ። በ2001 ሎረንስ ዊትመር የደም ሥር በአጥንት ላይ የተወውን ምልክት ከአዞና ከወፍ ጋር አስተያይተው፣ የሥጋው አፍንጫ ወደ አፍ ጫፍ የቀረበ እንደ ነበረ አሳዩ። ሥጋው ምልክት ትቶ ከሄደ፣ አጥንቱ ይመሰክራል።

የእኛዋ ድንቅነሽም እንዲሁ ናት። በ1974 በአፋር፣ በሐዳር የተገኘው አጥንቷ ከጠቅላላው 40 በመቶ ያህል ነው። ቀጥ ብላ በሁለት እግር መሄድዋን የዳሌና የጉልበት አጥንቷ ይመሰክራል። የቆዳዋን ቀለምና የጠጉሯን ብዛት የጨመረው ግን ሠዓሊው ነው።

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ከፋይል አንድ ገጽ ቢጠፋ፣ ከቀሩት ገጾች ፍሬ ነገሩን መገመት ይቻላል፤ ግምቱን ግን ዋናው ጽሑፍ ነው ብሎ ማኅተም መምታት አይቻልም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጥንት እንስሳ ሥዕል ሲያዩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የተገኘው አጥንት የትኛው ነው? በሕይወት ካሉ እንስሳት ጋር ተመዛዝኖ የታወቀውስ? የሠዓሊው ልግስና የትኛው ነው?