ባለ ስልቻው የአባያ ዓሣ አጥማጅ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ የሁምቦን ጠበላ አልፎ ቆላውን ሲይዝ፣ በስተግራ በኩል ቀላ ያለ ሰፊ ውሃ ይታያል። አባያ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል በስፋት የሚስተካከለው የለም። ባሕር ርቆን የምንኖር ሰዎች የባሕር ወፎችን ወገን ለማየት ወደብ ድረስ መውረድ አያስፈልገንም፤ ነጩ ፔሊካን አባያ ላይ ይገኛል። በአሜሪካ ጠረፍ የሚኖረው ዘመዱ ቡናማው ፔሊካን ከሰማይ ተወርውሮ ማዕበል ውስጥ ይጠልቃል። የእኛው ግን ሐይቅ መርጧል፣ አሠራሩም ፍጹም ሌላ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ልብ ይበሉ። ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ 1.4 እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ወንዱ ከ9 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች። እንዲህ የከበደ ወፍ መብረሩ ይገርማል። ሚስጥሩ አጥንቱ ነው፤ ውስጡ ባዶና አየር የሞላው ነው። ከቆዳው ሥርም የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ለዚህም ነው ውሃ ላይ ሲቀመጥ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው። አራቱም የእግሩ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። ዳክዬ እንኳ ሦስቱ ብቻ ናቸው የተያያዙላት።

ሲቀመጥ ነጭ ነው። ሲበር ግን የክንፉ የኋላ ጠርዝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አንገቱን እንደ ሽመላ ወደፊት አይዘረጋም፤ አጥፎ ጭንቅላቱን ትከሻው ላይ ያሳርፋል። ፊቱ ላባ የሌለው ራቁት ቆዳ ነው፤ የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ይህ ቆዳ ይቀላል፣ ግንባሩ ላይ እብጠት ያወጣል፣ ማጅራቱ ላይ የላባ ጉንጉን ይንጠለጠላል። ጫጩት ሳለ ደግሞ ቡናማ ስለሆነ፣ መንጋ ውስጥ ጎልማሳውንና ለጋውን መለየት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ምንቃሩ። ርዝመቱ እስከ 47 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሜንጦ አለው። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የተንጠለጠለው ቢጫ ስልቻ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዓሣ ተሸክሞ የሚሄድበት ዕቃ አይደለም። መረብ ነው። ወፉ ምንቃሩን ከፍቶ ውሃ ውስጥ ሲከተው የታችኛው መንጋጋ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ወደ ጎን ይለጠጣሉ፣ ስልቻውም ተነፍቶ በሊትር የሚቆጠር ውሃ ከነዓሣው ያፍሳል። ይህን ያህል ውሃ ይዞ መነሳት አይቻልም። ስለዚህ ምንቃሩን ይዘጋና ደረቱ ላይ ተጭኖ፣ ውሃውን በምንቃሩ ጠርዞች ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። ውሃው ሲያልቅ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይውጣል። ምላሱ በጣም ትንሽ ናት፤ ትልቅ ብትሆን ኖሮ መንገዱን ትዘጋበት ነበር። በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ዓሣ ይበቃዋል። አባያ ላይ ቆሮሶና አምባዛ አለ።

ይህ የአካል አሠራር በጊዜ ብዛት ያልተለወጠ መሆኑ ራሱ ያስደንቃል። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ 30 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የፔሊካን ቅሪተ አካል ተገኝቷል፤ ምንቃሩ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጥቂት ነው።

አደኑ ደግሞ ብቻውን አይደለም። ስድስት ወይም ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ወፎች በግማሽ ክብ ተሰልፈው ይቀዝፋሉ፤ ዓሣውን ወደ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ እየነዱ ይሄዳሉ። ከዚያ ምልክት የተሰጣቸው ይመስል ሁሉም በአንድ ቅጽበት ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ ይከታሉ። እንደገና ቀና ይላሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ። ደቦ ነው፤ ከጎኑ ያለው ሲነዳ ዓሣው ወደ እሱ ይመጣል፣ እሱ ሲነዳ ወደ ጎረቤቱ። የአባያ ውሃ ከመደፍረሱ የተነሣ ዓሣን በዓይን ለይቶ መንጠቅ ይከብዳል፤ ተጋግዞ ማፈስ ደግሞ ያን ያህል ዓይን አይጠይቅም ብዬ አስባለሁ።

ወፉ ለመብረር ፀሐይን ይጠብቃል። ጠዋት መሬቱ ሲሞቅ ወደ ላይ የሚወጣውን ሞቃት አየር አግኝቶ ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ይወጣል፤ ከፍታውን ሲይዝ ወደሚፈልገው ሐይቅ ይንሸራተታል። ሶዶ አጠገብ ካለው ከዳሞታ ተራራ እስከ ሐይቁ ያለው ቁልቁለት ለእንዲህ ያለው አየር የሚመች ነው።

የወፉ አረባብ በደንብ የተጠናው ከእኛ ሰሜን ባለው የሻላ ሐይቅ ነው። የወፍ ተመራማሪዎቹ ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኡርባን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት ጥናት የነጩን ፔሊካን አረባብ ከሻላ ደሴት ላይ ያስረዳል። ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፣ ውሃው ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ለዓሣ አይመችም። ስለዚህ ወላጆቹ ጎጆአቸውን ሰው በማይደርስበት ደሴት ላይ ሠርተው፣ ምግብ ፍለጋ ወደ ጎረቤቱ አቢጃታ ይበሩ ነበር። በኋላ ግን አቢጃታ በመስኖና በሶዳ ምርት ምክንያት ውሃው እየቀነሰ ሄደ፣ ዓሣውም ተመናመነ። ይህ ወፍ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የማይደፈር ደሴትና ዓሣ ያለበት ሐይቅ። አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይጠቅመውም።

ፔሊካን ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል። አብዛኞቹ ወፎች ሆዳቸው ላይ ላባ የሌለው ሞቃት ሥፍራ አላቸው፣ ፔሊካን ግን ስለሌለው እንቁላሉን በሰፊው እግሩ ያሞቃል። እናትም አባትም ተራ በተራ ይታቀፋሉ። ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ሲል ጫጩቶቹ ራቁታቸውን ይፈለፈላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ጫጩቶች ተሰባስበው መንጋ ይሆናሉ። ወላጅ ሲመጣ ግን የራሱን ከመንጋው መሃል ለይቶ ያገኛል፤ ጫጩቷም ጭንቅላቷን ወላጇ ጉሮሮ ውስጥ እስከ አንገቷ አስገብታ ትበላለች።

ከዚያ የሚሆነው ነገር ሰውን ያስደነግጣል። ጫጩቷ ከመመገቧ በፊት ወይም ከበላች በኋላ ትጮሃለች፣ በአንድ ክንፍና በአንድ እግሯ መሬት ላይ እየተጎተተች ትዞራለች፣ ጭንቅላቷን ከመሬት ጋር ታጋጫለች፤ አንዳንዴም ራሷን ስታ ትወድቃለች። ትንሽ ቆይታ ትነሳለች። ጤነኛ ናት።

የዚህ ወፍ ወሬ በመጽሐፍም አለ። በግሪክኛ የተጻፈው የእንስሳት ትርጓሜ መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በጥንት ዘመን ነው፤ ሊቃውንቱ ፊሳልጎስ ይሉታል። በመጽሐፉ ትረካ መሠረት የፔሊካን ጫጩቶች ወላጆቻቸውን ይመታሉ፣ ወላጆቹም ይገድሏቸዋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ እናት ጎኗን ቀዳ በደሟ ታስነሳቸዋለች። አባቶች ይህን ለክርስቶስ ምሳሌ አድርገው አስተምረዋል። እኔ ትረካው ከምንም ተነሥቶ የመጣ አይመስለኝም። ወድቃ የምትነሳ ጫጩት፣ ከደረቷ ጋር ምንቃሯን የምትጫን እናት፤ ይህን ከሩቅ ያየ ሰው ያንኑ ቢናገር የሚፈረድበት አይደለም።

አባያ የሚቀላው ከላይ በሚወርደው አፈር ነው። ብላቴን የመሰሉ ወንዞች ጎርፍና ደለል ያመጡለታል፤ ከወላይታ ጋራዎች የሚታጠበውም ማረፊያው እዚያ ነው። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ፣ በጣም ጥልቅ በሆነበትም 13 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ደለሉ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ብርሃን ሲያንስ ለዓሣ መኖ የሚሆነው ተክል ያንሳል። ለዚህም ነው የሁምቦ የደን ሥራ ከወፉ ጋር የተያያዘው። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከጉቶ በማብቀልና በጥበቃ ወደ ጫካነት ተመልሷል፤ ሰባት የአርሶ አደር ማኅበራት ይዘውታል። በአፍሪካ በካርበን ሽያጭ ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን ሥራዎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። እዚያ ተራራ ላይ የተያዘ አፈር ሐይቁ ውስጥ አይገባም፤ ስለ ፔሊካን የሚያስብ ሰው ከውሃው በፊት ጋራውን ቢያይ ይሻላል።

ለማየት የሚመጣ ሰው ማለዳ ይድረስ፣ መንጋው አድኖ ሳይነሳ። ሁለት ዓይነት ፔሊካን አለና ለይቶ ይመልከት፤ ትንሹ፣ ግራጫማውና ጀርባው ሮዝ ቀለም ያለው፣ ዛፍ ላይ ጎጆ የሚሠራውና ብቻውን የሚያድነው ሌላ ዝርያ ነው። ነጩ ግን በመሬት ላይ፣ በብዙ መንጋ ነው የሚራባው፤ ሰው ወይም ጀልባ ቢቀርበው ጎጆውን ከነእንቁላሉ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጎጆ ያለበት ደሴት ካለ ወደዚያ አይቅረቡ። አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ከዳርቻው ሆኖ ይበቃል።