የድሮ ቬስፓ ወይስ አዲስ ሞተር?

ቦሌ ላይ የድሮ ቬስፓ ሲያልፍ ዞር ብለን እናያለን፣ ደስ ይላል! ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከፍታውን አስቡት፤ ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የድሮው ካርቡራተር ደግሞ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጂግለሩን በአነስተኛ ማስቀየር ይረዳል።

ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል (አዲስ ሁሉ ኢንጀክሽን አይደለም፣ ጠይቁ)። ኤሌክትሪኩ አየር ጭራሽ አይፈልግም፣ የሱ ጣጣ ባትሪው ነው።

ለዴሊቨሪ ከሆነ እኛ አዲሱን እንላለን። ቬስፓው ለእሁድ ሽርሽር ይሁንላችሁ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ነገሩ በፈቃድ ነውና፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውንም ፈቃዱንም አጣሩ።