ፈረስ ፈሪን ያውቃል?

«አንቺ ፈረስ ላይ ነው እንዴ የተወለድሽው?» ትለኛለች አንዲት የዲላ ጓደኛዬ። አልተወለድኩም፤ ግን ብዙም አልራቅኩም! ያደግኩት ከዲላ ሽቅብ፣ ቡሌ ነው። ዲላ በሸሚዝ በሚኬድበት ቀን ቡሌ ላይ ጋቢ ደርበውም ይበርዳል። ታች ቡና፣ ላይ ገብስና እንሰት። ታች ባጃጅ፣ ላይ... ፈረስ። እኔም ኮርቻ ላይ የወጣሁት አምስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከአያቴ ፊት ተቀምጬ ነው።

ታዲያ ጎበዝ ነበርኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። በዘጠኝ ዓመቴ የአያቴ ዳማ ፈረስ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ ባለች ላም ደንግጦ ወረወረኝ። ክንዴ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረልኝና በሁለት ወሩ ዳንኩ። ልቤ ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ለእኩዮቼ «ክንዴን ገና ያመኛል» እላለሁ። ውሸት! ፈርቼ ነው።

አያቴ ውሸቴን ያውቃሉ፤ ግን አልተቆጡኝም። «አትጋልቢው የኔ ልጅ፤ ሳቢልኝ ብቻ» አሉኝ። በየገበያው ቀን ለኮውን ይዤ ከጎኑ በእግሬ እሄዳለሁ። እንደው ልንገራችሁ፣ ፈረስን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠፈ ተቆጥቷል፤ ወደ ፊት ከቆመ አንድ ነገር አይቷል። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ልክ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። በኋላው ድምፅ ሳያሰማ የሚጠጋውን የሚራገጠው ለዚህ ነው። እኔ «ተንኮለኛ» የምለው እንስሳ ለካስ ከእኔ የባሰ ፈሪ ኖሯል!

ፍርሃትማ ይጋባል። በ2009 እ.ኤ.አ. በስዊድን ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። ፈረስ የሚስቡና የሚጋልቡ ሰዎችን «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ በድንገት ይከፈታል» አሏቸው። ጃንጥላው ጨርሶ አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ ምንም ያልሰሙት ፈረሶችም ልባቸው አብሮ ፈጠነ! አያቴ ስለ ስዊድን ሳይሰሙ «መጀመሪያ ተንፍሺ፣ ከዚያ ንኪው» ይሉኝ ነበር።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አንዳንድ ፈረስ ኮርቻ ሲታሰርበት ሆዱን ይነፋል። ጥቂት ካራመዳችሁት በኋላ ጠፍሩን ድጋሚ ካላጠበቃችሁ ኮርቻው ዞሮ ትወርዳላችሁ፤ ድፍረት አያድናችሁም። እርካብ ውስጥም እግራችሁን እስከ ተረከዝ አትክተቱ። ብትወድቁ ተንጠልጥላችሁ እንዳትጎተቱ።

በነገራችን ላይ፣ በእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ናቸው። አጼ ምኒልክ «አባ ዳኘው»። ፈረሱ በእሳቸው አልተጠራም፤ እሳቸው በፈረሱ እንጂ!

እኔ ግን «አባ» የሚያስብል ነገር አልነበረኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር አንገቴን ደፍቼ ቡሌ ተመለስኩ። አያቴ አርፈዋል፤ ዳማውም ተሽጧል። የእህቴ ባል አዲስ ፈረስ ነበረው፤ ቦራ፣ አንገቱ የማያርፍ። ገና ሳየው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ያን ሁሉ ዓመት ጋልቤ! እናም ምን አደረግኩ? ለኮውን ይዤ ሦስት ቀን በእግሬ አዞርኩት። በአራተኛው ቀን በግራው በኩል ወጣሁ። ሶምሶማ ሲጀምር አለቀስኩ፤ በደስታ ይሁን በንዴት ዛሬም አላውቀውም። በሳምንቱ ዲላ ወርጄ ሥራ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ሁለት ቦታ «የለም» አሉኝ፣ ሦስተኛው ጋ ገባሁ።

ጓደኛዬ ደግሞ በቴሌቪዥን የአገው ፈረሰኞችን በዓል አይታ ልቧ ቆመ። የእነሱ ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ጥር 23 ሲደርስ እንጅባራ በፈረስ ትጥለቀለቃለች። «እኔንም አስተምሪኝ» አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቡሌ ወሰድኳትና ለኮውን አስያዝኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሯ ሳበችው፤ ጫማዋ በጭቃ ተበላሸ፤ ኮርቻ ላይ አልወጣችም።

«በሚቀጥለው ትወጫለሽ» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?» አለች። ለኮውን ግን አልለቀቀችም።