ቆራሌው፣ ልዋጩና የ1780 ብር

የሐዋሳ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሁሉ በፊት በእግሩ የሚዞር ገበያ ነው። ሰኞና ሐሙስ የሚደምቀው ዋናው ገበያ ሰልባጅ ልብስና ያገለገለ የቤት ዕቃ አያጣም፤ የዕቃው ጉዞ ግን የሚጀምረው በየሰፈሩ ነው። ቆራሌው ጀሪካን፣ ጠርሙስና ብረታ ብረት በገንዘብ ይገዛል። ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚቀድም ዕቃ ሁሉ ከዙሪያው ገጠር ወይም ከሌላ አገር በመጣ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ የቆየ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሙያ የሚገባውን ክብር አላገኘም። የሚጠቅመውን ከሚጣለው የሚለየው የእነሱ ዓይን ነው። የሚያሳዝነው የኪሎ ሽያጭ ነው፤ የነሐስ ሙቀጫ ከተሰበረ ቧንቧ ጋር አብሮ ሲመዘን የሠሪው እጅ ዋጋ ያጣል። ቅርስ የሚወድ ሰው ዕቃው ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት ከሰፈሩ ቆራሌ ጋር ቢተዋወቅ ይበጀዋል።

ገዢ ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳተው በማርትሬዛ ብር ላይ ነው። በላዩ 1780 የሚል ስላለ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይመስለዋል። ይህ ግን አያስተማምንም። 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ብሩ ስሟን የያዘው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም መትተውታል። የሮሙ የተጀመረው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን ነው። ስለዚህ ዓመቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። መታየት ያለበት ሌላ ነው፦ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ ይህን የወርቅ ቤት ሚዛን ወዲያው ያሳያል። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያላቸው የላቲን ፊደላት ጎልተው ይነበባሉ። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ አለመሳቡ ግን ብር ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ መዳብና እርሳስም አይሳቡምና።

ማንጠልጠያ የተበየደበትን ብር «ተበላሽቷል» ብሎ መናቅም ተገቢ አይደለም። ማንጠልጠያው ብሩ በአንድ ሴት አንገት ላይ እንደዋለ ይመሰክራል። በአመድና በሎሚ እያሹ ማንጻት ደግሞ ይብሳል፤ የዘመኑን ጥቁረት ከነምስሉ ያነሳዋል። ሻጮችም ገዢዎችም ይህን ልማድ ቢተዉት መልካም ነው።

ብር ሲያሳድዱ የሚያልፉት ሌላ ሀብት አለ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ቡሪሳሜ የተባለው ምግብ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ፣ ሻፌታ፣ በተለይ በአገልግሎት የጠቆረው፣ ከብዙ ሳንቲም ይልቅ ስለ ሲዳማ ቤት ይናገራል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ሸክላው ግን ሲሰነጠቅ ይጣላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የገዛ ሰው ዕቃው ከየትኛው ወረዳና ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ ሻጩን ጠይቆ ይጻፍ። የብራና መጽሐፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ሲቀርብለት ግን አይግዛ፤ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያሳውቅ።