ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስለ ማስወገድ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ በሽታ ከሚያዙት 100 ሰዎች እስከ 99 የሚደርሱት የሚለከፉት ከውሻ ነው። ስለዚህ በአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መፍጀት እንደ ጽዳት ሥራ ሲቈጠር ኖሯል።

ነገር ግን ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ውሻው ራሱን ሳይስት ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ፤ ትንፋሹን አፍኖ ይገድለዋል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ተቀባይነት ከሌላቸው አገዳደሎች መካከል ይቈጥረዋል። ጥቅሙም አጭር ነው፤ የሞተውን ስፍራ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይወርሰዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፤ በሽታውን የሚገታው ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ውን መከተብ ነው።

ስለዚህ የተያዘው ውሻ ጤነኛ ከሆነ ባለቤቱ እስኪፈለግ በማቆያ ይጠበቅ። ማስወገድ ግድ ሲሆን የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ይወስን፤ ሥቃይ በሌለው መርፌ ይፈጸም፤ ምክንያቱ በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡንም ከገዳዩ ሌላ የሆነ ሹም ይመርምር።

መምህራን ሆይ፤ ለተማሪዎቻችሁ ይህን አስተምሩ፦ ውሻ በየዓመቱ ይከተብ፤ ያለ ጠባቂ አይለቀቅ፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ይሂድ።