የማዘጋጃ ቤቱ ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር የከተማ ጣቢያ ነበር። ስሙ አገራዊ፣ ባለቤቱም መንግሥት ቢሆንም፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ሥራ ሲጀምር ምስሉ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም ነበር። ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ሰው ስለ ቴሌቪዥን ቢሰማ እንኳ የሚሰማው በሬዲዮ ወይም ከተማ ደርሶ ከተመለሰ ዘመድ አፍ ነው። ብዙዎቻችን የጣቢያውን ታሪክ ስናወራ ይህን እንዘነጋለን። እኔ ግን በኋላ የተፈጠረው ሁሉ፣ የፕሮግራሙ ዓይነት፣ የቋንቋው ለዛ፣ ፖለቲካው ጭምር፣ መነሻው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስቱዲዮው ከቸርችል ጎዳና አናት፣ በአዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሕንፃውን የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ነው። በሙያው በኩል ጣቢያውን ያቋቋመው የእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በቅርቡ ነፃ በወጡ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ቴሌቪዥን እየተከለ ይዞር ነበር። በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ቴሌቪዥን የታየበት የመጀመሪያው ቦታ ግን አዲስ አበባ አይደለችም። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የሠፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች ከዚያ ቀድመው ለራሳቸው የሚያሠራጩት ቴሌቪዥን ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ በኋላ የአህጉሩ መናኸሪያ በሆነችው ከተማ የራሳቸው ጣቢያ እንዲኖር ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ጣቢያው ከሁሉ አስቀድሞ የመንግሥት ክብር መታያ ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ ንጉሡ ሲመርቁ፣ በዓል ሲከበር ካሜራው እዚያ መገኘት አለበት።

ታዲያ ሥርጭቱ በቀን ጥቂት ሰዓት፣ ያውም ምሽት ላይ ብቻ ነበር። የንጉሡ ዜና ቢረዝምም ምሽቱን አይሞላም። የቀረውን ሰዓት የሚሞላ ሰው መፈለግ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ የቦታው አቀማመጥ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ያው ፒያሳ ነው፣ የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በቸርችል ጎዳና ግርጌ በኩል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በሁለቱ መካከል እንደ መገናኛ ቆመ። መድረክ ላይ ያደጉ ተዋንያን፣ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ከላይም ከታችም ወደ ስቱዲዮው መጡ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከፊልም ሥራ ይልቅ ከቴአትር የወረሰው ነገር የሚበዛው ለዚህ ነው። አነጋገሩ ጎላ ያለ፣ አቋቋሙ ቀጥ ያለ፣ ለታዳሚ እጅ የሚነሣ ዓይነት ነው። ያ ጠባይ በብዙ ፕሮግራሞች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ተስፋዬ ሳህሉን የሚያህል የለም። ከቴአትር ቤት የመጡት እኚህ ተዋናይ፣ ሴት ተዋንያን ባልነበሩበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሳይቀር ይጫወቱ ነበር። በቴሌቪዥን የልጆች ጊዜን ይዘው ከ40 ዓመት በላይ ሲዘልቁ፣ ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ ብሎ ስም አወጣላቸው። አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ካሜራውን ፊት ለፊት ያያሉ፣ «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ከዚያም ትንሽ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ባዶ አልነበረም። በየቤቱ ወለል ላይ የተኮለኮሉት ልጆች በአንድ ድምፅ የሚመልሱበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ተረቱ ይቀጥላል። አንበሳው በአንበሳ ድምፅ፣ ጦጣዋ በጦጣ ድምፅ ይናገራሉ፣ ፊት ይኮሳተራል፣ ዓይን ይፈጣል፣ በመጨረሻ ምክሩ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ወንበርና አንድ ካሜራ ብቻ ነው። ገንዘብ ባልነበረው ጣቢያ ከሁሉ የበለጠ የተወደደው ፕሮግራም ምንም ወጪ የማይጠይቀው ሆነ። አያት ለልጅ ልጇ ማታ ማታ የምታወርደው ተረት ወደ ስክሪን ሲሻገር ከለዛው አንዳች አላጎደለም። ይህን ያደረጉት ሰው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በሦስት መንግሥታት ሥር ያደጉ ልጆች እኩል አለቀሱላቸው።

የጣቢያውን ታሪክ በሁለት ዓይን ማየት አለብን የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። ጣቢያው የተቋቋመው ለመንግሥት ነው፤ በሰው ልብ የገባው ግን መንግሥት ብዙ ባላተኮረባቸው ሰዓቶች ነው። ዜናው፣ መግለጫው፣ ሰልፉ የቤተ መንግሥቱ ነበር። ተረቱ፣ ሙዚቃው፣ ድራማውና ስፖርቱ ደግሞ ቀስ በቀስ የተመልካቹ ሆነ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ግን መንግሥታዊው ወገን ምን ያህል ስለታም እንደሆነ ታየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ለቴምዝ ቴሌቪዥን የሠራውና ከዓመት በፊት በእንግሊዝ የታየው የወሎ ረሃብ ፊልም በዚያ የእንቁጣጣሽ ማታ ለአዲስ አበባ ተመልካች ቀረበ። ወታደራዊው ደርግ ፊልሙን እንዳለ አልለቀቀውም። በወሎ በረሃብ በሚረግፈው ሕዝብ መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ምስል እያፈራረቀ አስገባበት። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን ጠዋት፣ የመኮንኖች ቡድን ንጉሡ ፊት ቀርቦ ከዙፋን መውረዳቸውን አነበበላቸው፣ በአንዲት ቮልስዋገንም ወሰዳቸው።

ይህ ፊልም ገበሬውን ለማሳመን አልታየም፤ ገበሬው ቴሌቪዥን የለውም፣ ረሃቡንም በገዛ አካሉ ያውቀዋል። ያ ምስል የደረሰው ለከተማው ሰው ነው፤ ለባለሥልጣኑ፣ ለመኮንኑ፣ ለመምህሩ፣ ለነጋዴው፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቡና ቤት ለተሰበሰበው። በማግስቱ ለንጉሡ ሊቆም ይችል የነበረ ሰው ካለ እዚያ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ ከከተማዋ አለመራቁ ድክመት ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ሌሊት ግን ደርግ የፈለገውን ተመልካች አንድ ላይ ሰብስቦ ሰጠው። አንድ ጣቢያ ብቻ ባለበት ከተማ ሌላ ቦታ ቀይሮ የሚያይ አልነበረም።

ደርግም የያዘውን መሣሪያ ዋጋ ስላወቀ ማስፋፋቱን ተያያዘው። ማሠራጫዎች ወደ ክፍለ አገር ተዘረጉ፣ በየቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ገባ። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሲከበር ደግሞ ቀለም መጣ። የመጀመሪያዎቹ ባለ ቀለም ምስሎች የሰልፍ፣ የባንዲራና የቀይ መጋረጃ ነበሩ። በዚያው ወቅት ሰሜኑ እንደገና ይራብ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው፣ መሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣውና ማይክል በርክ ለቢቢሲ የዘገበው ምስል ዓለምን አናወጠ። ከአሥር ዓመት በፊት ንጉሡን በረሃብ ምስል የከሰሰ መንግሥት የራሱን ረሃብ ዓለም ከሌላ ሰው ካሜራ እንዲያየው ተወ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የጣቢያው ሠራተኞች ችሎታ አልጎደላቸውም፤ ካሜራው ወዴት እንደሚዞር የሚወስኑት እነሱ አልነበሩም።

ወደ ተመልካቹ ቤት እንመለስ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ የክብር ቦታ ነበረው። በእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ አንዳንዴም በቁልፍ የሚዘጋ መዝጊያ ኖሮት፣ ከላዩ ዳንቴል ተነጥፎበት ቡፌው ላይ ይቀመጣል። አንቴናው ጣሪያ ላይ ነው። ማሠራጫው ፉሪ ተራራ ላይ ስለሆነ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር አንድ ልጅ ወጥቶ ወደዚያ ያዞረዋል፣ ከታች ሌላው «ትንሽ ወደ ግራ! ጠራ! ኧረ ተመለስ!» እያለ ይጮኻል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ማታ የጎረቤቱም ቤት ይሆናል። በአንዳንድ ሠፈር ልጆች በአሥር ሳንቲም ይገቡ ነበር። የምሽት 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር አባት ዝም በሉ ይላል፤ ልጁ ግን ከዜናው በኋላ የሚመጣውን እየጠበቀ ነው።

ያ የሚጠበቀው ነገር ብዙውን ጊዜ ዘፈን፣ ጭውውት ወይም ድራማ ነበር። ሕብረ ትርኢት፣ ከዚያም የእሑዱ መቶ ሃያ የብዙ ቤት ልማድ ሆኑ። መቶ ሃያ ስሙን ያገኘው ከርዝመቱ፣ ከ120 ደቂቃው ነው። ጥያቄና መልስ፣ ሙዚቃ፣ አጭር ድራማ፣ የውጭ አገር ትርኢት አንድ ላይ ተደርድረውበታል። ዛሬ ላለ ተመልካች ሁለት ሰዓት ቅይጥ ፕሮግራም ሊረዝምበት ይችላል፤ ያኔ ግን ምርጫ ስላልነበረ አያትም ልጅም የየራሱን ተራ እየጠበቀ የሌላውንም አብሮ ያያል። አንድ የቤተሰብ ጣዕም የሚባል ነገር በዚያ ተሠርቷል። አማራጭ ማጣት በራሱ መልካም አይደለም፤ ግን ያመጣውን አብሮነት መካድም ልክ አይደለም።

አብሮነቱ ጫፍ የደረሰው በሩጫ ቀን ነው። በሱሉልታ ከተተከለው የሳተላይት ጣቢያ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ምስል በቀጥታ መታየት ሲችል፣ የኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር አገርን በአንድ ጊዜ የሚያስተነፍስ ፕሮግራም ሆነ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ሲቀድም፣ ያን ያየ ሰው የት ተቀምጦ እንዳየው አይረሳም። ለዚያ ለቅጽበት ያህል ጠባብ ልዩነት አዲስ አበባ በአንድ ላይ ጮኻለች።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። በ1987 ዓ.ም. ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃልለው ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ድርጅቱ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሆነ። በመካከሉ «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ በጣቢያው ላይ ምን ያህል ሰው ሊያስቀምጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ውድድሩ ግን ከሰማይ መጣ። በ2000 ዓ.ም. ኢቢኤስ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በሳተላይት አማርኛ ፕሮግራም ማሠራጨት ጀመረ። በውጭ ያለው ማኅበረሰብ ለራሱ የጀመረው ጣቢያ አገር ቤት ባሉት ሳሎኖች ገባ። በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ ቃና የተባለው ጣቢያ መጣና የቱርክን ድራማ በአማርኛ አናገረ። «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት መንገድ ይራቆት ነበር።

የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ ርካሽ የውጭ ድራማ የአገር ውስጡን ይገድላል አሉ። ስጋታቸው እውነትነት አለው፣ ምክንያቱም አንድ ክፍል ከመሥራት አንድ ክፍል ማናገር እጅግ ይቀላል። ነገር ግን ቃና ተመልካቹን በኃይል አልወሰደውም። ሕዝቡ ለዓመታት በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በጥራት የሚመጣ ድራማ ሲጠብቅ ቆይቶ አላገኘም። ነባሩ ጣቢያ ድራማን በሳምንት አንድ ቀን ለሚቀርብ ግብዣ ያህል ሲያየው፣ ተመልካቹ የዕለት ምግብ ይፈልግ ነበር። በኋላ የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማዎች በየጣቢያው መብዛታቸው ፉክክሩ የሠራውን ያሳያል።

አሁን ጣቢያው ብዙ ነው፣ ዲሹም ዞሯል። ወደ ናይልሳት ሳተላይት፣ ወደ ምዕራብ ሲያዩ የኖሩ ዲሾች፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢትዮሳት የተባለው የሳተላይት አገልግሎት ሲመጣ በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ዞረዋል። የጣሪያው ላይ ጩኸት ግን ያው ነው፤ «መጣ? መጣ?» ይላል ባለሙያው።

ከዚህ ሁሉ አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው ፕሮግራም በቀጥታ የሚተላለፍ ስለነበር ከታየ በኋላ ምንም አልቀረም። በኋላም ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን አንዱን ቀርፆ ሌላውን በላዩ መቅረፅ በዓለም ሁሉ የተለመደ አሠራር ነበር። የተረፈው ቴፕ ደግሞ በዕድሜ ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከሥራ እየወጣ ነው፣ የሚጠግነው ባለሙያም እያረጀ ነው። እነዚያ ካሴቶች ውስጥ በዛሬው ቀረፃ ዳግም የማይገኙ ድምፆችና ፊቶች አሉ፤ የቴአትር ቤት አንጋፎች፣ የከተማዋ የድሮ ገጽታ፣ የአባባ ተስፋዬ ዝምታና በዚያ ዝምታ ውስጥ የመለሱ ልጆች። አንድ ሰዓት ቴፕ ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ነው። የተረፈው እንዳይጠፋ ዛሬ የጣቢያው አለቃ፣ ባለሙያውና በጀት የሚመድበው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ስንት ሰዓት እንደተገለበጠ ለሕዝብ ሊነግሩን ይገባል።